ፕሮግራሙ ሳይወለድ የመጡ መልእክቶች

ያን ሰሞን የምጣላው ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ነበር። ከሰው ጋር መጣላት አስፈሪ በሆነበት ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር መጣላት እንደ ዕረፍት ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው። ቤቴ የቆመበት ቦታ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበር። ይህን የማውቀው የቀድሞው ባለማሳ በዓመት አንድ ሁለቴ በአጥሬ ሲያልፉ ቆም ብለው ስለሚያዩት ነው። ሰላም እላቸዋለሁ፣ ሰላም ይሉኛል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከተነሳ ወዲህ ግን በእኛ በኩል ማለፍ ትተዋል።

ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ፕሮግራም ሠርተን ነበር፤ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሆን። ታካሚ የካርድ ቁጥሩን ይረሳል። ካርድ ክፍሉ አዲስ ካርድ ያወጣለታል። የድሮ ሕመሙ፣ የወሰደው መድኃኒት፣ ሁሉም በአሮጌው ካርድ ላይ እንደተጻፈ አቧራ ይጠጣል። የእኛ ፕሮግራም በስም፣ በአባት፣ በአያትና በቀበሌ ፈልጎ አሮጌው ካርድ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም። የምንሰጠው በነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው አይቶ ያሻሽለዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ያየው ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ጓደኛዬ የሰበታ ልጅ ናት። ወላጆቿ ለፋብሪካ ሥራ ከደቡብ መጥተው እዚያው የቀሩ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። እሷም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ስትቆጣ ትስቃለች፤ ይህን ሳላውቅ ለረጅም ጊዜ የምታደንቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ያጣላን ነገር ይህ ነው። አዲሱን የፕሮግራሙን እትም ልናወጣ ስንሰናዳ በየትኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይሥራ የሚለውን መወሰን ነበረብን። በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ስለሆነ። በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶችም ይሠራል። ችግሩ አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ኤክስፒን ሠሪዎቹ ራሳቸው ትተውታል። እኔ ግን አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር በእሱም ላይ መሞከር ነበረብኝ፤ በሌሎቹ ላይ በደቂቃ የሚያልቀው በእሱ ላይ ቅዳሜዬን ይበላል። ይቅር አልኩ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለችኝ እየሳቀች። «ያንተ ሊኑክስ ግን ይኖራል።»

«ማንም በማይጠቀምበት ነገር ላይ ዕድሜዬን አልጨርስም።»

«ማንም አለመጠቀሙን በምን አወቅክ?»

ማወቂያ ነበረን። ፕሮግራሙ ያለበት ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሲያገኝ በየቀኑ የሠራውን የሚናገሩ አጫጭር መልእክቶች ይልክልናል። የኮምፒውተሩን ዓይነት፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ቀንና ሰዓት፣ ስንት ስም እንደተፈለገና ስንቱ እንደተገኘ። የታካሚ ስም አይልክም፤ ያንን አጥብቀን ከልክለናል። የጫነው ሰው ፈልጎ ከጻፈው የከተማው ስም ይኖርበታል። በስድስት ወር ውስጥ አንድም መልእክት ያልመጣበትን የኮምፒውተር ዓይነት እንቆርጣለን ብለን ተስማማን። ዝርዝሩን በቀን ደርድሬ አየሁት። ከኤክስፒ የመጣ የለም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ።

በማግስቱ ከሰበታ ደወለች። «የዝርዝሩን ጭራ አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። የዝርዝሩ ጭራ ላይ የሚሆነው የሁሉም አሮጌ ነው፤ ማን ያየዋል? ስልኩን ሳልዘጋ በትከሻዬ ደግፌ ወደ ታች ወረድኩ። እዚያ ከኤክስፒ የመጡ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ብዙ ናቸው። ቀናቸው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። የፕሮግራማችን የመጀመሪያ መስመር ከተጻፈ ግን ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

«ሳይወለድ ደብዳቤ የጻፈ ልጅ» አለች። አልሳቀችም።

«የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ ነው» አልኳት። የኮምፒውተር ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ያንኑ አንድ ቀን ነው የሚያወራው። ይህኛው ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ሰኞን ማክሰኞ ይከተለዋል፤ በዚያ በሩቁ ዓመት ውስጥ ተቀምጦ አንድም ቀን ሳይዘል ከእኛ እኩል ይራመዳል። ሥራ የሚጀምርበት ሰዓትም ሌላ ጉድ ነበር። ሁልጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚጀምረው። ቦታው ላይ «ሱሉልታ» ይላል።

«የተገኘውን ቁጥር ደግሞ እየው» አለች።

መጀመሪያ ላይ ያሉት ደህና ናቸው። ሠላሳ አራት ተፈለገ፣ ሠላሳ ተገኘ፤ እንደማንኛውም ካርድ ክፍል። ከአንድ ሳምንት ጀምሮ ግን የሚፈለገው እየጨመረ የሚገኘው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ላይ አርባ ተፈለገ፣ ዜሮ። አርባ ሦስት፣ ዜሮ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዜሮ።

«ይህን ሁሉ ስም ፈልጎ አንድ የማያገኝ ካርድ ክፍል የምን ካርድ ክፍል ነው?»

«የሙታን ነዋ» አልኳት ለማሳቅ። አፌ ላይ እያለ ቀዘቀዘኝ። ሁለታችንም ወሬ ቀየርን።

ግትርነቴን አውቀዋለሁ። የማይገባኝ ነገር ሲገጥመኝ እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው። መልእክቶቹን «የተበላሸ ሰዓት» ብዬ ከቆጠራው አስወጣኋቸው፤ ያን ጊዜ ኤክስፒ በሕጋችን መሠረት ተጠቃሚ የሌለው ሆነ። እሷ «እኔ እሺ አላልኩም፤ ግን አልከለክልህም» አለች። ሁለት ሰዎች ብቻ ስንሆን አብላጫ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ቀድሞ የነካ ያሸንፋል። እኔ ነካሁ። አዲሱን እትም አወጣሁት። ኤክስፒ ላይ ሊጭነው ለሚሞክር ሰው የሚታይ አንድ ዓረፍተ ነገርም በእጄ ጻፍኩ። «ይቅርታ፣ ፕሮግራሙ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።» «ይቅርታ» የምትለውን ለጨዋነት ነው ያስገባኋት።

ከዚያ ተቃውሞው በረታና መንገዱ ተዘጋ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ እሱም ሲፈልግ። እኩለ ቀን ላይ ከበሬ ወጥቼ አስፋልቱን አየሁት። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ታክሲ ተራው ላይ አንድም ታክሲ የለም። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ የተወረወረ አይደለም፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ በትዕግሥት ያስተካከለው ይመስላል። ከድንጋዩ ወዲያ መንገዱ መሐል አንድ ውሻ በጎኑ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። በሌላ ቀን ቢሆን መኪና ይገድለው ነበር። ከየግቢው የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ግን ከየበሩ ስንጥቅ በኩል የሚያይ ዓይን እንዳለ ይታወቀኛል፤ እኔም ገብቼ በስንጥቅ በኩል ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። የት እንደሆነ የጠየቀም የነገረኝም የለም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ በመጀመሪያ የከፈትኩት ዝርዝሩን ነው። በሌሎቹ ከተሞች ያሉት ተጠቃሚዎቻችን ባዶ ነበሩ፤ ሥራ አልገቡም፤ ማን ይገባል? ወደ ጭራው ወረድኩ። የሱሉልታው ግን መንገዱ የተዘጋበትን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሠርቷል። መልእክቶቹ ተጠራቅመው ኖሮ ባንድ ጊዜ ነው የደረሱት። እሑድ ሳይቀር ሠርቷል። ሃምሳ ስምንት ተፈለገ፣ ዜሮ። ስልሳ አንድ፣ ዜሮ። እኛ በራችንን ዘግተን በተቀመጥንበት ሳምንት አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በፊት በነበረ ሌሊት ቁጭ ብሎ ስልሳ ሰው ፈልጎ አንድም አላገኘም።

ፈራሁ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ግን ወንበሬን ወደ ግድግዳ አስጠግቼ ጀርባዬን ሸፍኜ ነው የደወልኩላት።

«እንሂድ» አለች።

መንገዱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲሱ ገበያ ተገናኝተን የሱሉልታ ሚኒባስ ያዝን። ግማሹ ባዶ ነበር። ረዳቱ እንኳ አይጮህም፤ ሒሳቡን በጣቱ ምልክት ነው የጠየቀን። እንጦጦን ስንሻገር ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ቆሟል፤ ሁሉም ሰው በሌላኛው መስኮት በኩል ተመለከተ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ሯጮች ነበሩ። አሥራ ምናምን ሆነው፣ በአንድ እርምጃ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ምንም ነገር እንዳልሆነ ሁሉ ይሮጣሉ። የሚያባርራቸውን ለማየት ዞር ብዬ ነበር።

ጤና ጣቢያው ከከተማው ወጣ ይላል። በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ሰው ተሰልፏል፤ ግቢው ግን ጸጥ ብሏል። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የሚያስል አልነበረም። ሕፃን የያዘ የለም፣ ዘመድ የደገፈው የለም። ጤነኛ የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በእግራቸው እንደመጡ ጫማቸው ይናገራል።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ አቶ እንደማለት ነው። ፕሮግራሙን የሠራነው እኛ ነን ስንላቸው ተነሥተው ሁለት እጃችንን ያዙ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ? ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ።»

ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ቢጫ የሆነ፣ በጥሩ ዳንቴል ግማሽ ፊቱ የተሸፈነ። ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ከስክሪኑ ሥር ያለው ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። ከኦቦ ራስ በላይ ያለው የግድግዳ ሰዓትም አራት ከሃያ ይላል። ስልኬን አየሁ፤ አሥር ከሃያ። የስክሪኑን ቀን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየሁት። ቀኑም፣ ወሩም፣ ዓመቱም አንድ ነው።

ሰውየው ኮምፒውተራቸውን በእኛው አቆጣጠር ሞልተውታል። ሌላ ምንም ነገር የለም።

«ሲመጣ የፈረንጅ ቀን ነበር ያለበት» አሉን፣ ጥፋት እንዳገኘንባቸው ዓይነት። «ካርድ ላይ የምጽፈው በእኛ ነው፤ ሁለት ቀን ይዤ መሥራት አቃተኝ። ወሩ ሲያልቅ እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ።»

«ጳጉሜን ላይስ?» አለች ጓደኛዬ።

«እሷን አያውቃትም። አምስቱን ቀን አጥፍቼው በወረቀት እሠራለሁ።»

ሳቅን፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ከፍርሃት ሲወጡ የሚሳቅ ሳቅ ነበር። ሰርጌን በዚህ አቆጣጠር ነው የደገስኩት፤ ቀጠሮ የምይዘው በዚህ ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን አገሬ ሌላ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ያልኩት የጠዋቱ ሁለት ተኩል ነው፤ የመንግሥት ሥራ መግቢያ። ለራሴ አገር ሰዎች ፕሮግራም እጽፋለሁ ብዬ በራሴ አገር ቀን የሚጽፈውን ሰው «የተበላሸ» ብዬ ጣልኩት። አፈርኩ፤ ለጊዜው ግን እፎይታው አየለብኝ።

ጓደኛዬ ከእኔ ቀድማ መሳቋን አቁማለች። «ኦቦ፣ የሚፈልጓቸው ስሞች ግን ለምንድን ነው የማይገኙት?»

በመስኮቱ በኩል ወደ ሰልፉ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚህ በሽተኞች አይደሉም፤ በሽተኛው መንገዱን ፈርቶ ቤቱ ቀርቷል። ልጅ የጠፋባቸው ናቸው። ከጫንጮ ይመጣሉ፣ ከቡራዩ ይመጣሉ። ካንዱ ጤና ጣቢያ ወዳንዱ እየዞሩ ይጠይቃሉ።»

«አንድም አልተገኘም?»

«እንዴት ብሎ ይገኛል? ቆስሎ የሚመጣ ልጅ እውነተኛ ስሙን አይነግረኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠይቀውም።»

«እንደማይገኝ ካወቁ ታዲያ...» አልኩ።

«ባፌ የለም ስላቸው አይሄዱም። ሳታይ ምነው የለም ትለኛለህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ሲፈልግ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እሑድም የመጣሁት ለዚሁ ነው።»

ከዚያ የፈራሁት መጣ። መሳቢያቸውን ከፍተው አንዲት ፍላሽ አወጡ። የወረዳው ባለሙያ አዲሱን ፕሮግራም ይዞ መጥቶ ነበር፤ አልጫን አለ። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉም ጤና ጣቢያ በአዲሱ ይሠራል ተብሏል፤ አሮጌው ይነሣል፤ አዲስ ኮምፒውተር ግን የለም። «ይቅርታ ብሎ ጻፈልኝ» አሉ ስክሪኑን እያሳዩኝ። «በጨዋ ደንብ ነው የከለከለኝ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ እናንተ ብታዩልኝ። ይህ ከተነሣ እነዚህን ሰዎች በምን እሸኛቸዋለሁ?»

ጓደኛዬ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻል ነበር።

በዚሁ መሐል አንድ አባት መስኮቱ ጋ ደረሱ። ረጅም ናቸው፤ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ ጥለዋል። ኦቦ በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ የማሽኑ ባለቤቶች እነዚህ ናቸው ብለው ወደኛ አመለከቱ። ሰልፉ በሙሉ አንገቱን አስግጎ አየን። አባትየው የልጃቸውን ስም፣ የራሳቸውን፣ የአባታቸውን ስም በቀስታ ተናገሩ፤ ኦቦ በሁለት ጣታቸው ጻፉ። ይህ ፍለጋ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም። በዚያ ላይ ግን ይቆያል። ሰማያዊዋ መስመር ተራ በተራ ትሞላለች። ሰውየው በመስኮቱ ብረት ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው ያንን መስመር ያያሉ። ኦቦ «ሂንጂሩ» ለማለት አፋቸውን አሰናድተዋል፤ የለም ማለት ነው፤ በቀን ስልሳ ጊዜ ያሏት ቃል ናት።

አንድ ተገኘ አለ።

ኦቦ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «ጂራ?» አሉ አባትየው፤ አለ? ድምፃቸው ከሌላ ሰው የመጣ ይመስል ነበር። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ተጠጉ። ኦቦ ተነሥተው ወደ መደርደሪያዎቹ ገቡ። ወረቀት ሲገለበጥ ለረጅም ጊዜ ሰማን። ሲመለሱ የያዙት ካርድ ጠርዙ የተበላ፣ የቆየ ካርድ ነበር።

«ይሄ የሕፃንነቱ ነው» አሏቸው በአማርኛ፤ ለምን ወደ አማርኛ እንደዞሩ አላውቅም፤ ምናልባት በገዛ ቋንቋቸው ሊሉት ከብዷቸው ይሆናል። «ሁለት ዓመቱ ሳለ። ተቅማጥ ይዞት ነው የመጣው። የአሁኑ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ» አሉ አባትየው። «በዝናብ በጀርባዬ ነው ያመጣሁት። አንተ አልነበርክም ያኔ።»

«አልነበርኩም።»

«ምን ይላል?»

ኦቦ አነበቡላቸው። ክብደት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። የተሰጠው መድኃኒት። ሦስት ቀን ተኝቷል።

«መጨረሻው ላይስ?»

«ድኖ ወጥቷል ይላል።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርዱን ልንካው አላሉም። ከመስኮቱ ሳይለቁ ወደ እኔ ዞሩ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ ተብሏልና። «ነገም ብመጣ ይፈልጋል?»

«ይፈልጋል አባባ» አልኳቸው። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔና ጓደኛዬ ለቀሩት ቀኖች ከየሥራችን ፈቃድ ወስደን የፕሮግራሙን ሥራ ተከፋፈልነው። እሷ የኤክስፒውን ሠራች፤ እኔ ደግሞ ፕሮግራሙ የእኛንም ቀን ሳይደናገር እንዲቀበል፣ ጳጉሜን ሳይቀር እንዲያውቅ አደረግኩ። በአምስተኛው ቀን ሱሉልታ አደረስንላቸው፤ ተጫነ። ኤክስፒ ለስንት ጊዜ ይቀጥላል የሚለውን ከዚያ ወዲያ አንሥተነው አናውቅም።

መልእክቶቹ መምጣት ቀጠሉ፤ አሁን በዝርዝሩ ራስ ላይ ናቸው። የሚፈለገው እንደበፊቱ ብዙ ነው። የሚገኘው ግን ዜሮ መሆኑ ቀረ። አርባ ሰባት ተፈለገ፣ አንድ። ሃምሳ ሁለት ተፈለገ፣ አንድ። በማግስቱም አንድ፤ ሁልጊዜ አንድ፤ ሁልጊዜ በጠዋት። ሁለት ሳምንት ከታገሥኩ በኋላ ኦቦ ጋ ደወልኩ።

«ያ አባት ነው» አሉኝ። «ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት ይደርሳል። ስሙን እንደ አዲስ ይነግረኛል፣ እኔም እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ካርዱን አወጣለታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላውን ተወው፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብብልኝ ይለኛል። አነብለታለሁ።»